ጋሽ ሀሩን የቀመሰው ውሃ

የጋሽ ሀሩንን ሞት የሰማሁት ካማሺ መንገድ ላይ ነው። ስለ መንገዱ ብልሽት ዘገባ ልሠራ ሄጄ፣ የተሳፈርኩባት መኪና ራሷ የዘገባው ማስረጃ ሆና ጭቃ ውስጥ ቆማ ነበር። ስልኬ ኔትወርክ ያገኘው ኮረብታው ላይ በእግር ስወጣ ነው። የደወለችው አሶሳ ያለችው መምህርት ሰዓዳ ነበረች።

«ጋሽ ሀሩን አረፈ» አለችኝ። «ዙሁር ተሰግዶ ይቀበራል።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ለቀትሩ ሶላት የቀረው ጥቂት ነው። ለቀብሩ አሶሳ መድረስ እንደማልችል ለማወቅ ብዙ ማስላት አላስፈለገኝም።

በሥራዬ ስለ ብዙ ሰዎች ሞት ጽፌአለሁ። ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የሥራ ዘመን፣ የልጆች ቁጥር። መኪናዋ እስክትወጣ ድረስ የእሱንም እንዲሁ ልጽፈው ሞከርኩ፤ አራት መስመር ላይ አለቀብኝ። ብሔሩ በርታ ነው፤ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወለደ፤ በወጣትነቱ ከውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ዞረ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ኖረ። ሁሉም እውነት ነው። ሰውየው ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ሰውየው የሚገኘው የሰው ቤት በር ላይ ነው። ሥራ ሊሠራም ይምጣ ሊጠይቅ፣ ጫማውን አውልቆ ገና ሳይቀመጥ አንድ ነገር ይላል፦ «ውሃ ስጠኝ። ከዚያ እናወራለን።» ሻይ ቢቀርብለት በኋላ ይላል፤ ለስላሳ ቢቀርብለት ይስቃል። የሚፈልገው የዚያን ቤት ውሃ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያሸተዋል፣ አንድ ጉንጭ ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ይውጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እንደ ጸሎት በጸጥታ ነው። ሰው ሲያወራው አይመልስም።

አማርኛውን የተማረው አድጎ ነው። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይል ነበር። እኔም ሴት ሆኜ ለእሱ «አንተ ጋዜጠኛ» ነበርኩ፤ በዚህ የተቀየመው ሰው አላውቅም።

የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የሳል ሽሮፕ የነበረባት ትንሽ ጠርሙስና በወረቀት የተጠቀለለ የልብስ ሳሙና ስባሪ አይጠፉም። ጠርሙሷ ላይ በምስማር የተጫረ መስመር አለ። እስከ መስመሩ ውሃ ይሞላል፣ ሳሙናውን ይፈቀፍቅበታል፣ ክዳኑን ዘግቶ ይንጠዋል። አረፋው ቀጥ ብሎ ከቆመ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋ ጠፍቶ እንደ እርጎ የተቋጠረ ነጭ ነገር ከላይ ከተንሳፈፈ፣ ውሃው ውስጥ ኖራ በዝቷል። የዱቄት ሳሙና ይዤለት ስሄድ «ይሄ ይዋሻል» አለኝ። «በማንኛውም ውሃ አረፋ ያወጣል። ድሃው ሳሙና ነው እውነት የሚናገር።»

ሥራ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ባምባሲ ነው። በዚያ ሰሞን የውሃ ማለስለሻ ማሽን በአንዳንድ ሰዎች ቤት መግባት ጀምሮ ነበርና ስለ እሱ የሬዲዮ ዝግጅት ልሠራ ፈልጌ ተከትዬው ሄድኩ። የጠራው አቶ ቶሌራ የሚባል፣ ከወለጋ መጥቶ የከበረ ነጋዴ ነው። ማሽኑ ከነላስቲኩ በረንዳው ላይ ተገትሯል።

«ውሃ ስጠኝ» አለ ጋሽ ሀሩን።

አቶ ቶሌራ የታሸገ ውሃ አስመጣ።

«የሱቁን አይደለም። የቤትህን።»

የቤቱ ውሃ መጣ። ቀመሰ፤ ጠርሙሷን አውጥቶ ናጠ። አረፋው እስከ ክዳኑ ሞላ። መሬት ላይ አስቀምጧት ጥቂት ጠበቀ፤ አረፋው ንቅንቅ አላለም።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ማሽኑን መልስ።»

«ማል ጄታ?» አለ አቶ ቶሌራ በኦሮምኛ፤ ምን ትላለህ ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለ። «ጎረቤቴ አስገብቷል እኮ!»

«ጎረቤትህ መነጽር አለው። ዓይንህ ደህና ሆኖ አንተም መነጽር ታደርጋለህ?»

«የምገዛው እኔ፣ የምጠቀመው እኔ! አንተ ምን አገባህ?»

«ውሃህ ደህና ነው። ደህናውን ውሃ ጨው ላስገባበት?»

አቶ ቶሌራ ባለሙያ አሶሳ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ሰው ከነቀምት እንደሚያስመጣ ነገረን፤ እስከ በር አልሸኘንም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ዛሬ እንግዲህ ባዶ ቀን ሆነብህ» አልኩት።

«ሠራሁ እንጂ» አለ። «አለመግጠምም ሥራ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሰዓዳ ቤት ሄድን። ሰዓዳ አሶሳ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ ከሰፈሩት ናቸው። ግቢዋ ውስጥ የራሷ ጉድጓድ አላት። ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት የጠነከረ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ የሻወር ማሞቂያዋ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ማሽን ልኮላታል። ጋሽ ሀሩን ጠርሙሷን ሲንጣት አንዲት አረፋ አልታየችም።

«እዚህ ይገባል» አለ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ማሽኑ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወገብ የሚደርስ ቀጭን ሲሊንደር፣ ጭንቅላቱ ላይ ውሃውን ወዲህና ወዲያ የሚያዞር ቫልቭ ያለው። ሌላው ጨው የሚጨመርበት የፕላስቲክ በርሜል። ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ወርቃማ ፍሬዎች ሞልተዋል። ጋሽ ሀሩን ጥቂት መዳፉ ላይ አድርጎ ለሰዓዳና ለሁለት ልጆቿ አሳያቸው። መቅረጫዬን ከፍቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ይህች ፍሬ ባጃጅ ናት» አለ። «ጨው አሳፍራ ቆማለች። ውሃ ይመጣል፤ ውሃው ውስጥ ኖራ አለ። ኖራ መሳፈር ይወዳል። ጨው ይወርዳል፣ ኖራ ይገባል። ግን ኖራ ወፍራም ነው፤ እሱ አንድ ሲሳፈር ጨው ሁለት ይወርዳል።»

«ትርፍ አትጭንም?» አለች ሰዓዳ።

«ትራፊክ አለ» አለ፤ ልጆቹ ሳቁ። «ባጃጁ ሁሉ በኖራ ሲሞላ ኸላስ፣ ሌላ ኖራ የሚይዝ የለም። ያኔ ከበርሜሉ የጨው ውሃ ይመጣል፣ በብዛት። ኖራን ገፍቶ ያወርዳል። ኖራው ከጨው ውሃው ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ባጃጅ እንደገና ጨው አሳፍራ ትቆማለች።»

ፍሬዎቹ በጨው ውሃ የሚታጠቡበትን ይህን እጥበት ረፋድ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ሞላው። መብራት በሄደ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀርና ማስተካከል እንዳለባት አሳያት። በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ ደውላ የልጇ ጸጉር በሳሙና ታጥቦ አረፋው አልጠፋ ብሎ መቸገራቸውን እየሳቀች ነገረችኝ። ዝግጅቴ ስድስት ደቂቃ ነበር፤ ከድምፁ የምወደውን መርጬ አስተላለፍኩ። ባጃጁን ከተማው ሁሉ ወደደው። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ወፍራም ጓደኛውን «ኖራ» ብሎ ሲጠራ ሰምቻለሁ።

ወራት አለፉ። የሰዓዳ አባት አባባ ይመር ልባቸውን ታመው ከመንደራቸው ወደ ልጃቸው ቤት መጡ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸውና ጨው ፈጽሞ ከለከለ። ሰዓዳ የጨው ዕቃዋን ለጎረቤት ሰጠች፤ ለልጆቿም ለራሷም አልጫ ያለ ጨው ትሠራ ጀመር። የአባቷ እግር ግን እያበጠ ሄደ። ትንፋሻቸው አጠረ፤ ሦስት ትራስ ካልተደገፉ መተኛት አቃታቸው።

እኔና ጋሽ ሀሩን የሄድነው ይህን ሳናውቅ ነው። እኔ ማሽኑ ከወራት በኋላ እንዴት እንደሆነ ለመዘገብ፣ እሱ ሥራውን ለማየት። ሰዓዳ በሩን የከፈተችው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ሐኪሙ ተቆጥቶኝ መምጣቴ ነው» አለች። «ጨው ትሰጫቸዋለሽ አለኝ። ወላሂ ቤቴ ውስጥ የጨው ቅንጣት የለም ብዬ ማልኩለት። ካላቆምሽ አባትሽን ታጪያለሽ አለኝ።»

ጋሽ ሀሩን ጫማውን አውልቆ «ውሃ ስጠኝ» አለ።

ያን ጊዜ አፈርኩበት። ሴትዮዋ እያለቀሰች ውሃ ይጠይቃል? እሷ ግን አመጣችለት። አንድ ጉንጭ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ከወትሮው ቆየ። ዋጠና ብርጭቆውን መለሰላት።

«ድገም።»

ሁለተኛውንም ቀመሰ። «አባባ ከዚህ ነው የሚጠጣ?»

«ሌላ ምን አለ? የምንጠጣውም የምናበስልበትም ይኸው ነው።»

«ጨው አለው።»

«አለው እንጂ» አለች ሰዓዳ፣ ግራ ገብቷት። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ጨው ይወርዳል ያሉን? ባጃጁ! ትንሽ ሲጨምር ደግሞ አዲስ ጨው ስለሞላሁበት ነው አልኩ።»

አባባ ይመር ከአልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙን። «እኔማ ውሃው ይጥመኛል፤ ለምን እዋሻለሁ» አሉ። «ይቺ ልጅ በአልጫ ልትገድለኝ ነው። ከወጧ ውሃዋ ትሻላለች።»

ጋሽ ሀሩን ወደ ጓሮ ወጣ፤ ተከተልነው። ከበርሜሉ አጠገብ እስከ ግማሽ የጎደለ ጆንያ ቆሟል። እጁን ሰደደና ጨብጦ አወጣ። ግራጫ ነው፣ ጠጠር ጠጠር የሚል፣ ገለባ የተቀላቀለበት። ገበያ ላይ ለከብት የሚሸጠው ጨው ነው።

«ይሄን ማን ግዛ አለህ?»

«በሬዲዮ ሸካራ ጨው ነው የሚፈልገው አላችሁ» አለች ሰዓዳ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን። «ከዚህ የሚሻክር ጨው አሶሳ ገበያ ላይ የለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። ጋሽ ሀሩን ከግድግዳው በኩል ያሉትን መክፈቻዎች አዞረና ውሃው ማሽኑን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቤት እንዲሄድ አደረገ። ቧንቧው ውስጥ ከቀረው ጨዋማ ውሃ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ ለሰዓዳ ሰጣት። «አባባን ሐኪም ቤት ውሰድ። አሁን። ውሃው ጨው ነበረው በለው።»

«ምን ብሎ ያምነኛል?»

«ይህን አሳየው። አላምንም ካለ ይቅመስ።»

እሷ አባቷን ደግፋ በባጃጅ ስትሄድ እኔ ቀረሁ። ጋሽ ሀሩን ቫልቩን ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደረደረው። ውሃውን በሚዘጉት ሁለት ጎማዎች መካከል የአሸዋ ቅንጣትና ገለባ ተሰንቅሮ ነበር። ቫልቩ ስላልገጠመ፣ ፍሬዎቹን አጥቦ በፍሳሽ መውጣት የነበረበት የጨው ውሃ በትንሽ በትንሹ ወደ ቤቱ ቧንቧ ሲያልፍ ከርሟል። የበርሜሉ ሥር ጭቃ ነው። ሰዓዳ ከድስቷ ያስወጣችው ጨው በጓሮ ዞሮ ገብቶባታል።

ጋሽ ሀሩን እጁን በሱሪው ጠረገ። «ነገ ሬዲዮ አስገባኝ። ሀሩን ተሳሳተ እላለሁ።»

«ጋሽ ሀሩን፣ ከዚያ በኋላ ማን ይጠራሃል?» አልኩት። እውነቴን ነበር። እንደኛ ባለ ከተማ ውስጥ ባለሙያ የሚኖረው በስሙ ነው፤ ስሙን የሰጡትም በአብዛኛው የኔ ስድስት ደቂቃዎች ነበሩ።

«ሌላም ቤት የከብቱን ገዝተው ይሆናል» አለ። «ሌላም ቤት ሽማግሌ ይኖራል። ስም በኋላ።»

ቢሮ ገብቼ የድሮውን ቅጂ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰማሁ። ለነገው ዝግጅት የተላለፈውን ቃል በትክክል ለመያዝ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ድምፁ መጣ፦ «ሸካራ ጨው። ደቃቁ በርሜል ውስጥ ይጋገራል።» የተላለፈው እስከዚህ ነው። ያልተቆረጠው ቅጂ ግን ይቀጥላል፦ «የከብቱን ግን አይደለም። የከብቱ አፈር አለው፤ ቫልቩን ይበላል።» ከኋላው ልጆቹ ይስቃሉ፣ ዶሮ ይጮኻል፤ የሰዓዳ ድምፅ ግን የለም። ያን ዓረፍተ ነገር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደቆረጥኩትም አስታውሳለሁ፤ ባጃጁ ሙሉውን እንዲገባ ቦታ ፈልጌ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሀሩን ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቅጂውን አሰማሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«ዶሮው ጥሩ ይሰማል!»

«ጋሽ ሀሩን፣ አንተ ተናግረሃል። ስህተቱ የኔ ነው። አንተ መግባት የለብህም።»

መሳቁን ተወ። «ተናገርኩ። አላሳየሁም። ለሰዓዳ ጨው ይወርዳል ብዬ ነገርኩት፤ ምላስህ ካወቀው ግን ማሽኑ ታሟልና ጥራኝ ብዬ አልነገርኩትም። ይሄን አንተ አልቆረጥክም፤ እኔ ነኝ የረሳሁ። የሚጠጣውን ቧንቧ ከማሽኑ በፊት ማውጣት ነበረብኝ፤ አላወጣሁም። የአንተን አንተ ውሰድ። የእኔን ስጠኝ።»

ሁለታችንም ገባን። እኔ የቆረጥኩትን ከነምክንያቱ ተናገርኩ። እሱ ደግሞ ማንም ሊረሳው በማይችል መንገድ አስረዳ። አንድ ጭብጥ ጨው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፣ ሟሙቶ ሥሩ ላይ አፈር ከተኛ ለማሽን አይሆንም አለ። ከእጥበት በኋላ ውሃውን ቅመሱ፤ በደህናው ማሽን ውስጥ ጨውን ምላስ አያውቀውም፣ ካወቀው ዝጉና ጥሩኝ አለ። ቤታችሁ ውስጥ ጨው የተከለከለ ሰው ካለ ማሽኑ ደህናም ቢሆን የሚጠጣውና የሚበሰልበት ውሃ ማሽኑ ውስጥ አይለፍ አለ። መጨረሻ ላይ ሳይጠየቅ ጨመረ፦ «ሀሩን ነኝ። የተሳሳተው።»

ስልኩ ቀኑን ሙሉ አላረፈም። ሁለት ቤት የከብት ጨው ተገኘ፤ አንደኛው ቤት ውሃው ጨው ጨው ማለት ጀምሮ ነበር። ሦስተኛው ደዋይ ድምፁ አልጠፋኝም፤ የባምባሲው አቶ ቶሌራ ነበር። ማሽኑን ከነቀምት በመጣ ባለሙያ አስገጥሞት ኖሯል። «ያ ሰውዬ ይምጣና ውሃዬን ይቅመስልኝ» አለ። «ከፈለገም ማሽኑን ነቅሎልኝ ይሂድ።» ጋሽ ሀሩን ሄዶ ነቀለለት።

ሐኪሙ ጠርሙሱን ከፍቶ በጣቱ ጫፍ ቀምሶ ነበር። ሰዓዳ እንደነገረችኝ ይቅርታ ጠየቃት። አባባ ይመር ሆስፒታል ተኝተው እብጠቱ ጎደለላቸው፤ በእግራቸው ወደ ቤት ገቡ። ያኔ ግድግዳው ላይ ከማሽኑ በፊት የወጣች አንዲት አዲስ ቧንቧ ነበረች። ጋሽ ሀሩን በላይዋ ላይ በቀለም «አባባ» ብሎ ጽፎባታል።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዘገባ ሳሳጥር መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አደርጋለሁ። የቆረጥኩትን ብቻውን ለይቼ አነባለሁ። ያ ተቆርጦ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ሌላ ነገር ይወጣል፤ ባጃጅም ቢሆን።

አሶሳ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ከካማሺ ጭቃ ጋር ነው። ልብሴን ሳልለውጥ በቀጥታ ጋሽ ሀሩን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ከበርታኛው፣ ከአማርኛው፣ ከኦሮምኛው የተቀላቀለ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ወንዶቹ በተቀመጡበት ጥግ፣ ከውሃው ጀሪካን አጠገብ፣ አባባ ይመር ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ለመጣው ሰው ሁሉ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው። ሰዓዳ ልታሳርፋቸው ብትሞክር «ተይኝ፣ አብሽሪ፣ ምንም አልሆንም» ብለው መልሰዋታል።

እጅ ነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጭቃዬን አዩት። ብርጭቆውን አለቅልቀው ሞሉት። ወደ ብርሃኑ አነሡት። ከዚያ ከጀሪካኑ ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እስኪውጡ ጠበቅሁ።

«ቀምሼዋለሁ» አሉ፣ ብርጭቆውን እየሰጡኝ። «ጠጪ፣ ልጄ።»